ካልሲ መሥራትና ለደስታ ማንበብ፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ማስማማት



ተማሪ ሁሉ «ጊዜ አጣሁ» ሲል ይሰማል። እኔም ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ይሁን እንጂ የሰባት ቀን ልክ ለሀብታምም ለድኻም፣ ለሰነፍም ለትጉህም አንድ ነው። የሚለየው አንዱ ቆጥሮ ሲያወጣው ሌላው ሳይቆጥር የሚበትነው መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ፣ እኔ ራሴ ተሳስቼ የተማርኩትን ትንሽ ትምህርት ላካፍላችሁ አሰብኩ። ትምህርቱም ሁለት የምወዳቸውን ነገሮች፣ ማለት ካልሲ መሥራትንና ለፈተና ሳይሆን ለደስታ ማንበብን፣ ሥራ በበዛበት ሳምንት ውስጥ እንዴት ማስማማት እንደሚቻል የሚገልጥ ነው።

የነገሩ መነሻ

ካልሲ መሥራትን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ፊደል መቁጠር ከጀመረ ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ቀጥሎም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። ለብዙዎቻችን ትምህርት እንደገና በወጉ የተጀመረው፣ የሰላሙ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ በዚያው ዓመት ውስጥ ነው። በመካከሉ ባለፈው ጊዜ መብራቱ ሲጠፋ፣ ባንኩ ሲዘጋ፣ ገበያው ሲነጥፍ እናቴ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን ተረት እየጠቀሰች አሮጌ ሹራቦችን አወጣች፤ እየተረተርንም ክሩን በልቃቂት ጠቀለልነው። መርፌዎቹም ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ተቆርጠው ጫፋቸው በድንጋይ የተሳለ አምስት ዘንጎች ነበሩ። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ንፋሱም ይጠነክራል። ስለዚህ የሠራናቸው ካልሲዎች ፈላጊ አላጡም።

ትምህርት ከተጀመረም በኋላ መርፌዬን አልጣልኩም፤ የደብተርና የእስክሪብቶ ገንዘብ ከዚያው ይገኝ ነበርና። አንድ ዓመት፣ የታኅሣሥ ብርድ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ነጋዴ በአራት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጥንድ ካልሲ እንድሠራለት ጠየቀኝ። እኔም ሳላመነታ «እሺ» አልኩት።

በዚያን ጊዜ ወንድሜ ማንበብን ከሥሩ እየተማረ ነበር። ዕድሜው ከክፍሉ በላይ ስለ ሆነ ያፍራል፤ በክፍል ውስጥ ድምፁን አሰምቶ አያነብም። ማታ ማታ ግን የተረት መጽሐፉን ይዞ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ትእዛዙን ከወሰድኩ በኋላ ግን በመጣ ቁጥር «ቆይ፣ ይህን ዙር ልጨርስ» እለው ጀመር። ዙሩ ሲያልቅ ሌላ ዙር አለ። የጀመርኩትን ልብ ወለድ እኔም ከተውኩት ሰንብቻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ መምጣቱን ተወ። እናቴም ይህን አይታ፣ «ካልሲው ይጠብቅሻል፤ ልጁ ግን አይጠብቅሽም» አለችኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የተገኘው ከዚያች ቃል ነው።

1ኛ፤ ሳምንቱን መቁጠር

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ለእንቅልፍ በቀን 8 ሰዓት ቢታሰብ 56 ይሆናል። ትምህርት ቤት ከነመንገዱ 30፤ የቤት ሥራና ጥናት 12፤ ውኃ መቅዳት፣ ማብሰልና ቤት ማጽዳት በቀን 3 ሰዓት ቢሆን 21፤ ለመብልና ለመታጠብ 14፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለዘመድና ለጎረቤት 10 ይሆናል። ድምሩ 143 ነው። እንግዲህ የሚተርፈው 25 ሰዓት ነው።

25 ሰዓት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ቦታ ተከምሮ አይገኝም፤ እንደ ፍርፋሪ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። ሩቡ ቡና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ነው፤ ሩቡ በውኃ ወረፋ የሚቆሙበት ነው፤ የቀረውም ከእራት በኋላና በሰንበት ይገኛል።

አሁን ደግሞ ካልሲውን እንቁጠር። በቀጭን ክር የሚሠራ የትልቅ ሰው ካልሲ፣ በእኔ እጅ፣ በዙሩ 56 ዐይን አለው። ዐይን የምለው በመርፌው ላይ የሚሰለፈውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት ነው። ከአፉ እስከ ጣቱ 110 ዙር ያህል ቢሠራ 56 በ110 ሲባዛ 6160 ዐይን ይሆናል። በደቂቃ 20 ዐይን የሚሠራ እጅ ይህን የሚጨርሰው ከ5 ሰዓት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ነው። ጥንዱ እንግዲህ ዐሥር ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ስምንት ጥንድ 80 ሰዓት ነው፤ በአራት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 20 ሰዓት ይደርሳል። ከተረፈኝ 25 ሰዓት ላይ 20ውን ካልሲው በላው ማለት ነው። «እሺ» ከማለቴ በፊት ይህን ሒሳብ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ በወር አራት ጥንድ እንጂ ስምንት ባልተቀበልኩ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ለሰው ቃል ከመግባት በፊት ዐይኑንም ሰዓቱንም መቁጠር ይገባል።

2ኛ፤ ካልሲው የሚፈልገውን ማወቅ

ሰዓቱን መቁጠር ብቻ ግን አይበቃም፤ ሰዓት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። ካልሲ ሲሠራ አራት ክፍል አለው። እነርሱም አፉ፣ ቅልጥሙን የሚይዘው ቱቦ፣ ተረከዙ፣ እስከ ጣት የሚደርሰው መርገጫው ናቸው።

ቱቦው ቀላል ነው። 56ቱ ዐይኖች በአራት መርፌ ላይ ዐሥራ አራት ዐሥራ አራት ሆነው ይሰለፋሉ፤ አምስተኛው መርፌ እየዞረ ይሠራል። እጅ አንድ ጊዜ ከለመደ በኋላ ዐይንን አይጠይቅም፤ ልብንም አይጠይቅም። መርገጫውም እስከ ጣት ድረስ እንዲሁ ነው። የጥጥ ፈትልም እንደዚህ ነው። አያቴ፣ በቋንቋችን ዓባየይ የምላት፣ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ስታሾር ዐይኗ ከበሩ ላይ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመርቃለች።

ተረከዙ ግን ሌላ ነው። ከ56ቱ ዐይኖች ግማሾቹ፣ ማለት 28ቱ፣ እንዲጠብቁ ይተዋሉ፤ በቀሩት 28 ዐይኖች ላይ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ይሠራል። ከዚያም ክሩ እንደ ጽዋ እንዲጎደጉድ ዐይኖቹ በሥርዐት ይቀነሳሉ፤ በመጨረሻም ከጎንና ከጎን ዐይን ተለቅሞ ዙሩ እንደገና ይገጠማል። እዚህ ላይ አንድ ዐይን የሳተ ሰው ተረከዙ ጠማማ ይሆንበታል። አንድ ማታ እኔ በሬዲዮ ትረካ እያዳመጥኩ ተረከዝ ስሠራ፣ ታሪኩ በጣም በሞቀበት ሰዓት ቁጥሩ ጠፋኝ። ካልሲው ሲያልቅ ተረከዙ እንደ ቆብ ጫፍ ቆሞ ተገኘ፤ ሁሉንም ተረተርኩት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ከዚህ የምንማረው፣ ቱቦውንና መርገጫውን ከጨዋታ፣ ከትረካና ከወረፋ ጋር ማድረግ እንደሚቻል፣ ተረከዙንና የጣቱን መጨረሻ ግን ብርሃን ባለበት፣ ጸጥታ በሆነበት ሰዓት ለብቻው መሥራት እንደሚገባ ነው።

3ኛ፤ መጽሐፉ የሚፈልገውን ማወቅ

መጽሐፍም እንደ ካልሲው ክፍል ክፍል አለው። የሒሳብና የፊዚክስ መጽሐፍ ዐይንንም፣ እጅንም፣ ልብንም ጠቅልሎ ይጠይቃል፤ ከመርፌ ጋር አይሄድም። ቅኔና ግጥምም ብቻውን መነበብ ይወዳል፤ አንድ ቤት አንብቦ መጽሐፉን አጥፎ ማሰብ ያስፈልጋልና። ተረት፣ የጉዞ ታሪክና ልብ ወለድ ግን በዐይንም በጆሮም ይገባሉ።

ለዚህ ትልቁ ምስክር በአገራችን አለ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው ትልቅ ሥራ ነው። ከጊዜ በኋላ ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተረከው። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም፣ ፈታይዋም ሸማኔውም፣ እጁን ከሥራው ሳያነሣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዐወቃቸው። ትረካው ዛሬም በስልክ ይገኛል።

ነገር ግን መስማት ብቻውን ማንበብ አይደለም። ተራኪው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ አንባቢ ግን የወደደውን ገጽ መልሶ ያየዋል፤ ያልገባው ቃል ላይ ይቆማል፤ ፊደሉንም በዐይኑ ይይዛል። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ይኸውም በየቀኑ ከመተኛቴ በፊት ግማሽ ሰዓት መርፌ ሳልይዝ አነባለሁ። በሁለት ደቂቃ አንድ ገጽ ቢነበብ በግማሽ ሰዓት 15 ገጽ ይሆናል። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ እንኳ በአንድ ወር ከሳምንት ገደማ ያልቃል። እንደ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ያለ አጭር መጽሐፍ ደግሞ አንድ ሳምንት ይበቃዋል፤ እርሱም በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ሥራ በበዛበት ሳምንት ትልቁን መጽሐፍ መፍራት አይገባም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

4ኛ፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ሲሠራ

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። እናቴ ያንን ቃል በተናገረች ማግስት፣ ቡና ሲፈላ ወንድሜን ጠርቼ፣ «ዛሬ አንተ ታነብልኛለህ፤ እኔ ይህን ቱቦ እየሠራሁ እሰማሃለሁ» አልኩት። በመጀመሪያ እንቢ አለ። ኋላ ግን መጽሐፉን አምጥቶ በትግርኛ የተጻፈ የቀበሮ ተረት ጀመረ። ፊደሉን እንደ ጠጠር አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር የሚያነበው፤ አንዲቱን ገጽ ለመጨረስ የካልሲውን ስድስት ዙር ያህል ፈጀብን።

በዚህ ጊዜ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ። ቀድሞ ሲያነብልኝ በቃል ላይ ሲደናቀፍ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቄ ራሴ አነብለት ነበር፤ የረዳሁት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሁለቱ እጆቼ በመርፌው ተይዘዋል፤ ብነጥቅ ዐይኖቹ ይወድቃሉ። ስለዚህ መጠበቅ ግድ ሆነብኝ። እርሱም ስጠብቀው ጊዜ አገኘ፤ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ በአራተኛው ቃሉን ራሱ አገኘው። መርፌው እኔን ትዕግሥት አስተማረኝ፤ ትዕግሥቱም እርሱን ማንበብ አስተማረው። ዓባየይም እንዝርቷን እያሾረች፣ «ቀበሮዋስ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?» ብላ ስትጠይቀው፣ ያ በክፍል ውስጥ የሚያፍረው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ በቤታችን ለእርሷ የሚያነብላት ሰው መሆን ለእርሱ ትልቅ ሹመት ሆነለት።

ዛሬ ወንድሜ ገጹን የሚጨርሰው ካልሲው ሁለት ዙር ሳይሞላ ነው። በቅርቡም «ሓደ ዛንታ» የተባለውን፣ ገብረየሱስ ኃይሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 የጻፉትን የትግርኛ ልብ ወለድ አብረን ጀምረናል። ለጣሊያን ወደ ሊቢያ ስለ ዘመተ አንድ ወጣት የሚናገር ታሪክ ነው። ልጁ ከእናትና ከአባቱ ሲለይ በሚነገርበት ቦታ የዓባየይ እንዝርት ቆመ፤ እኔም መርፌዬን አቆምኩ። እጅ ሁሉ አርፎ ጆሮ ብቻ የቀረበት ሰዓት ነበር።

ይህ ነገር የእኛ ቤት ብልሃት ብቻ አይደለም። በኩባ ደሴት በሃባና ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1865 ጀምሮ፣ በሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ልማድ አለ። ሠራተኞቹ የትምባሆውን ቅጠል ሲጠቀልሉ፣ አንድ አንባቢ ከፍ ካለ መቀመጫ ላይ ሆኖ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸው ነበር፤ ደመወዙንም ከሚያገኙት ላይ አዋጥተው የሚከፍሉት እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። ሠራተኞቹ አሌክሳንደር ዱማ የጻፈውን የሞንቴ ክሪስቶን ታሪክ እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ፣ ስሙ ለአንድ ሲጋራ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። እጅ ሲሠራ ጆሮ ሥራ ፈት መሆን እንደሌለበት እነርሱም ዐውቀውታል።

ምናልባት ከወንዶች ጓደኞቼ መካከል «ሹራብ የሴት ሥራ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። በአገራችን ፈታይዋ ሴት ብትሆን ሸማኔው ወንድ ነው፤ በአውሮፓም በጥንት ዘመን የሹራብ ሠሪዎች ማኅበር አባላት ወንዶች ነበሩ። ክር ሠሪውን ወንድ ነህ ወይስ ሴት ብሎ አይጠይቅም። ወንድሜም በበኩሉ ቱቦውን መሥራት ጀምሯል፤ በእርሱ ተራ እኔ አነብለታለሁ።

5ኛ፤ እንዝርት የሚያርፍባቸው ቀኖች

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ የኦርቶዶክስ ቤተ ሰብ በሰንበትና በበዓላት ቀን፣ ለምሳሌ በወሩ 12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ29 በበዓለ እግዚአብሔር፣ ፈትል አይፈተልም፣ ሹራብም አይሠራም። እኔ ቀድሞ እነዚህን ቀኖች ለትእዛዙ የባከኑ አድርጌ እቆጥራቸው ነበር። አሁን ግን ሳስበው፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለእጅ ዕረፍት የወሰኑት ጊዜ ለመጽሐፍ የተሰጠ ጊዜ ሆኖ አገኘሁት። እንዝርት ያርፋል እንጂ ዐይን አይታሰርም። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ረዥም ሰዓት ለጸጥታ ንባብ ሰጠሁት። ሌላ ሃይማኖት ያለው ጓደኛዬም በራሱ የዕረፍት ቀን እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል።

ማጠቃለያ

ስምንት ጥንዱን ካልሲ አልጨረስኩም። አምስቱን ለነጋዴው አስረክቤ ለቀሩት ሦስቱ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቅር ቢለውም ተቀበለኝ። ገንዘቡ አነሰ፤ የዚያን ወር ደብተር በልክ ገዛን። ዛሬ በሳምንት አንድ ጥንድ፣ ማለት ዐሥር ሰዓት እሠራለሁ፤ ከዚህም አራቱን ያህል የማሳልፈው ወንድሜን እየሰማሁ ነው። ለራሴ ንባብ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል አለኝ፤ የሰንበቱ ሲጨመርበት ከዚያ ይበልጣል። የቀረው ለእንግዳ፣ ለለቅሶና ላልታሰበ ነገር ይቀመጣል፤ ያልታሰበ ነገር የሌለበት ሳምንት በእኛ አገር የለምና።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሸማኔውን እንመልከት። ድሩ ተወጥሮ ይቆያል፣ ማጉ ይመላለሳል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይቀማም፤ ከሁለቱም አንድ ጋቢ ይወጣል። የእጅ ሥራና ንባብም እያንዳንዱ ቦታውን ካወቀ እንዲሁ ይሆናሉ።

መልመጃ

1ኛ፤ የራሳችሁን ሳምንት 168 ሰዓት ከላይ እንዳሳየሁት በወረቀት ላይ ቆጥራችሁ የሚተርፈውን አግኙ።

2ኛ፤ ከምትሠሩት የእጅ ሥራ ውስጥ ዐይንን የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን ለዩ።

3ኛ፤ በቤታችሁ ማንበብ የሚማር ልጅ ወይም ፊደል ያልቆጠረ አዛውንት ካለ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ገጽ ይነበብ። ልጁ ሲደናቀፍ ግን እጃችሁን በሥራ ያዙት እንጂ መጽሐፉን አትንጠቁት።